ክምሩ ሲያልቅ

በደቡብ ጎንደሯ ሐሙሲት ዙሪያ የአንድን ቤት አቅም ከመንገድ ላይ ሆኖ መገመት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ጓሮ ይጣል። ክምሩ እዚያ አለ። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጤፉ ተወቅቶ ጭዱ እንደተከመረ፣ ከጎጆው አናት እኩል ይቆማል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። በየካቲት ከአንድ ወገኑ ይቦረቦራል። በሚያዝያ ወገቡ ተበልቶ እንጉዳይ ይመስላል። ሰኔ ሲገባ መሐል ላይ የነበረው ምሰሶ ብቻውን ይቀራል፤ ከሥሩም የሻገተ ጭድና ዶሮ የሚጭረው ገለባ። ልክ በዚያ ሰሞን በሬው ወደ ቀንበር ይጠራል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ጣጣ በዚህ ውስጥ አለ። በሬው በዓመቱ እጅግ የሚከሳበት ወርና እጅግ የሚፈለግበት ወር አንድ ነው። ጎድኑ የሚቆጠር በሬ ጥንድ ሆኖ እስከ ረፋድ ያርሳል፣ ከዚያ ይተኛል። ሁለተኛው እርሻ ይዘገያል፣ ሦስተኛው ይቀራል፣ ዘሩ ከወቅቱ ያልፋል። ስለ ምርት ማነስ ሲወራ ማዳበሪያና ዘር ይነሣሉ፤ የበሬው ሆድ ግን በስብሰባ አጀንዳነት ሲያዝ ብዙም አላየሁም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን የሀበሻ በሬ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይብላ ብንል ከ6 ኪሎ በላይ ነው፤ በዓመት 22 ኩንታል ያልፋል። ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና አንዲት ጊደር ያለው ቤት 80 ኩንታል ገደማ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ አህያውንና በጎቹን ሳንቆጥር። አሁን መሬቱን እንይ። አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር፣ ሙሉውን ጤፍ ቢዘራና በሀገር አቀፉ አማካይ 18 ኩንታል ገደማ ቢያፍስ፣ ጭዱ የእህሉን እጥፍ ቢሆን እንኳ 36 ኩንታል ነው። ከሚያስፈልገው ግማሹን አይሞላም። ከዚያም ላይ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። የጤፍና የሩዝ ገለባ ፕሮቲኑ ከመቶ አምስት እንኳ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ግን ለራሳቸው ብቻ ከመቶ ሰባት ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጭድ ብቻ የሚበላ በሬ ሆዱ ተነፍቶ ይከሳል። ገበሬው ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ፋጉሎና አተላ የሚፈልገው።

ቀሪውን የሚሞላው ግጦሽ ነበር። ነበር ያልኩት አውቄ ነው።

ሐሙሲት ያለችበት የደራ ወረዳ ጅግና የምትባል ቀበሌ አለችው። የኢትዮጵያ የሩዝ ታሪክ ሲነሣ ስሟ ሳይጠራ አያልፍም። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ሩዝ ሲሞከር የጅግናና የፎገራው ሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት ከፊት ነበሩ፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅም ነበረበት። ‹ኤክስ-ጅግና› የሚባለው የሩዝ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሩዙ ሰውን ጠቅሟል፤ ያንን መካድ ነውር ነው። ስንዴ በልመና ይጠበቅ የነበረበት ቤት ዛሬ ሩዝ ሸጦ ቆርቆሮ ይመታል። ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አግኝታለች። ይሁን እንጂ ሩዙ ባዶ መሬት ላይ አልወረደም። የወረደው በጨፌው ላይ ነው። ያ ጨፌ የፎገራ ላም ቤት ነበር፤ ያቺ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ረግረግና ዝንብ የለመደች፣ ከሀገር ላሞች በወተቷ ስም ያላት። ዛሬ ንጹሕ የፎገራ ዝርያ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው፣ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘንድ መሄዱ ይሻለዋል።

ከሩዝ የተረፈውን የወል ግጦሽ አሜኬላ የሚባለው እሾሃም አረም ወረሰው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መግባቱ የታወቀው እንቦጭ ደግሞ የሐይቁን ዳር ተሻማ። ወደ ደጋው ሲወጣ ጫትና ባሕር ዛፍ አሉ። ባሕር ዛፍ የተከለን ሰው አልወቅስም፤ ዛፉ ቀለብ አይጠይቅም፣ እረኛ አይፈልግም፣ ገንዘብ ሲቸግር ይቆረጣል። የሣር መሬት እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የስታቲስቲክስ ጥናት የሀገሪቱን የቀንድ ከብት ወደ 70 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ከብቱ ከሚበላው ከግማሽ በላይ ግጦሽ፣ ሲሶው ገደማ ጭድና አገዳ ነው። ተዘርቶ ወይም ተተክሎ የሚገኘው የተሻሻለ መኖ ከመቶ አንድ አይሞላም። ይህ ቁጥር ለዓመታት ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት የሚባለው ነገር ግን አዲስ አይደለም። በደርግ ማብቂያ ላይ የነበረው አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት በጓሮ መኖ መትከልን፣ ከሰብል ሥር የመኖ ዘር መዝራትን አስተምሮ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ዛሬ ኢልሪ ለምንለው ዓለም አቀፍ ተቋም መነሻ የሆነ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ፤ በሺህ የሚቆጠር የመኖ ዕፅዋት ዘር ተጠብቆ የሚኖረው እዚያው እኛው ዘንድ ነው። ዕውቀቱ ጎረቤታችን ነው። ታዲያ ምን ያዘን?

ባለሙያዎች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «የግንዛቤ ማነስ» ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። የዚህ ሀገር ገበሬ ሣርን በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ሠርዶን ከሙጃ፣ አክርማን ከሰንበሌጥ፣ ጓሳን ከአስንዳቦ ይለያል። በመስከረም ሜዳውን የሚያለብሰውን ማገጥ ላም ስትበላው ወተቷ እንደሚጨምር ማንም አላስተማረውም፤ ማገጥ ፈረንጅ ክሎቨር የሚለው ተክል ወገን ነው፣ የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ከ20 በላይ የማገጥ ዓይነት የሚበቅልበት ምድር ነው። «ክልክል» የሚል ቃልም አለን። ከክረምት ጀምሮ ከብት እንዳይገባበት ተጠብቆ ድርቆሽ የሚታጨድበት መሬት ነው። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ለዘመናት የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጋ፣ ቀን ቆርጦ እየከፈተ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣርን መከለል እንግዳ ሐሳብ ሆኖብን አይደለም።

ክልክሉ ራሱ ግን አንድ ስሕተት ተሸክሟል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙው ሰው ሣሩን የሚያጭደው በኅዳር ነው። ያን ጊዜ ሣሩ ፍሬውን አራግፎ፣ አገዳው ደርቆ፣ ቀለሙ ወርቅ መስሏል። ሸክሙ ብዙ ነው፣ ምግቡ ግን ወደ መሬት ወርዷል። ሣር ምግቡ የሚበዛው ማበብ ሲጀምር፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መባቻ ነው። ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አይታጨድም? አንደኛ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ የታጨደው ይሻግታል። ሁለተኛ ገበሬው ሣሩ ሲበረክት ማየት ይወዳል፤ ሁለት ሳምንት ቢታገሥ ሸክሙ እንደሚጨምር ያውቃል። ሦስተኛ እጅ የለም፤ አረሙ፣ የደረሰው ገብስ፣ የወፍ ጥበቃው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት ሳምንት መዘግየት የሚጠፋው ፕሮቲን በኋላ በፋጉሎ መልክ በገንዘብ ይገዛል። አዲስ ሣር ሳይተከል፣ ያለው ሣር በጊዜው ቢታጨድና በእንጨት መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ቢደርቅ፣ ብዙ ቤቶች ግንቦትን በተሻለ አቅም ያልፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚተከለው ይመጣል። የአካባቢው ዕድል ከፍታው ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ የጉና ራስ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በሐሙሲትና በወረታ ሜዳ ዝሆኔ ሣር ይሆናል። ሦስት አንጓ ያለው አገዳ ተቆርጦ ይተከላል፣ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ይታጨዳል፤ ካረጀ ሸንበቆ ነው፣ አህያም አይነካው። ከአንድ ጥማድ በደህና ከተያዘ 20 ኩንታል ደረቅ መኖ አይጠፋም፤ ከሞላ ጎደል የአንድ በሬ ዓመት ቀለብ ነው። ከጨንቻ፣ ከጋሞ ደጋ የመጣው ዴሾ ደግሞ ሥሩ ተገንጥሎ በእርከኑ ላይ ይተከላል፤ አፈሩን ይይዛል፣ ይታጨዳል፣ እንደገና ይበቅላል። ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ጉና ሲወጣ ዝሆኔ ሣር በውርጭ ይጎዳል፤ እዚያ አጃን ቬች ከሚባለው የመኖ ጥራጥሬ ጋር ደባልቆ መዝራት፣ በአጥር ጥግ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ መትከል ይሻላል። ሩዝ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ላይ የሚዘራው ጓያም ገለባው ከጤፍ ጭድ የላቀ መኖ ነው፤ ሰው ፍሬውን አብዝቶ ሲበላ እግሩን የሚያስረው መዘዝ ባይኖርበት።

አንድ ደግሞ ችላ ያልነው አለ፤ ግብጦ። ጎጃምና ደቡብ ጎንደር በደከመ መሬት የሚዘራው፣ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምሬቱ የሚወጣው ግብጦ። ምሬቱ እንጂ ጉድለቱ ሌላ አይደለም፤ ፍሬው ከመቶ 30 ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። የአማራ ክልል ተመራማሪዎች ከጀርመን ያመጧቸው ‹ሳናቦር›ና ‹ቪታቦር› የሚባሉ የማይመሩ የግብጦ ዝርያዎች በ2006 ዓ.ም. በሀገራችን ተመዝግበዋል። ማዳበሪያ የማይጠይቅ፣ ለሰውም ለከብትም የሚሆን፣ መሬቱን የሚያድስ ሰብል ነው። በሐሙስ ገበያ ላይ ግን ዘሩን ፈልጌ አላገኘሁም።

እዚህ ጋ ደረስን። መኖ በእኛ ዘንድ ገና ሰብል አልሆነም። ሰብል ባለቤት፣ ወሰንና ዋጋ አለው። ጤፍ ሦስቱም አሉት። ሣር ባለቤት ያለው እስከ ኅዳር ነው።

አዝመራው ከተነሣ በኋላ ማሳው ሁሉ የወል ይሆናል፤ የማንም ከብት በማንም ቃርሚያ ላይ ይሰማራል። ይህ ልማድ በጊዜው ፍትሐዊ ነበር፤ መሬት የሌለው ሰው ላም እንዲኖረው ያደረገ ነው። በበጋ ግን የተተከለ ሣር በዚህ ልማድ ሥር ሊኖር አይችልም። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ከችግኝ ጣቢያ ያገኘሁትን የዝሆኔ ሣር ቁርጥ በእናቴ ጓሮ ጥግ ተክዬ ነበር። በጥቅምት ወገቤ ደረሰ። በታኅሣሥ በሁለት ሌሊት አለቀ፤ የጎረቤት ከብት ነው። እናቴ አልከሰሰችም፤ እኔም ብከስ ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ በልማዱ ያጠፋው ከብቱ አይደለም፣ ያላጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ብቻውን ጤፍ መዝራት ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን ዴሾ መትከል አይችልም። ጎጡ ሁሉ ካልተስማማ የሚተክለው ለጎረቤቱ በሬ ነው።

በየዓመቱ «ይህን ያህል ሄክታር በመኖ ተሸፈነ» የሚለውን ሪፖርት ሳነብ የማስበው ይህን ነው። ዴሾና ዝሆኔ ሣር ለዓመታት የሚኖሩ ተክሎች ናቸው። የአምስት ዓመት ሪፖርት ተደምሮ በመሬት ላይ ቢገኝ ከሐሙሲት እስከ ጋይንት አረንጓዴ ምንጣፍ በሆነ ነበር። የተተከለው ይቆጠራል፤ በበጋው የተበላው አይቆጠርም። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከብቱን አስሮ፣ ሣሩን አጭዶ አምጥቶ መመገብ ነው መፍትሔው ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ማን ያመጣል? አንዲት ድቅል ላም በቀን 40 ኪሎና ከዚያ በላይ እርጥብ ሣር ትፈልጋለች። ልቅ ግጦሽ ሲቆም እረኛው ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ሸክሙ ደግሞ ወደ እናቱ ጀርባ ይዞራል። ውኃውም እንደዚያው። በሥልጠና ወረቀት ላይ ይህ ሸክም አይጻፍም። ሴቶቹ ያልተቀበሉት የመኖ ልማት ሁለተኛ ክረምት አያይም፤ ስለዚህ ሣሩ ከቤቱ በድንጋይ ውርወራ ርቀት መተከል አለበት፤ ሩቅ ማሳ ላይ የሚተከል ዝሆኔ ሣር ለፎቶ ነው።

ዋጋውስ? ኬንያ ደጋ ላይ መሬታቸው ከእኛ የማይበልጥ ገበሬዎች ዝሆኔ ሣርን ከበቆሎው ዙሪያ የሚተክሉት ወተት በየማለዳው የሚገዛቸው ስላለ ነው። ሳዑዲ አረቢያ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃዋን እንዳይጨርስ ብላ አረንጓዴ መኖ ማምረትን ስታስቆም አልማራይ የተባለው የወተት ኩባንያዋ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2014 አሪዞና ድረስ ሄዶ መሬት ገዝቶ ነበር፤ አልፋልፋው ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል። ዋጋ ካለ ሣር ባሕር ይሻገራል።

ሐሙሲት ባሕር አያስፈልጋትም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሰላሙ ጊዜ ወተት ማለዳ ታልቦ ለቁርስ ይደርሳል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን መቼ እንደሚዘጋው አይታወቅምና ወተት እንደ ቀድሞው የሚታመን ሸቀጥ አይደለም፤ መንገድ በተዘጋ ቀን ይጎመዝዛል።

ከግጭቱም በፊት የነበረ ሌላ ችግር አለ። ኅዳር 2015 በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ወተትን ከዓላማዎቹ ዋና አድርጎ ተነሥቷል፤ መልካም ነው። ይሁንና ሕዝባችን የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚጾም ሕዝብ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ክምሩ በሚቦረቦርበት፣ መኖ በሚወደድበት ወቅት ነው። ላሟ በጣም ውድ የሆነውን መኖ የምትበላው ወተቷን ማንም በማይገዛበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ቅቤ ማከማቸት ያግዛል፤ ግን አይበቃም።

በዚህ የተነሣ እኔ እንደማየው በዚህ አካባቢ የመኖ ሰብል የመጀመሪያ ደንበኛ ፋሲካ ነው። ሦስት ወር የሚደልብ በሬ ወይም የሚሞከት በግ በጥር ቢታሰር ለፋሲካ ይደርሳል። ጾሙ እዚህ ላይ ጠላት ሳይሆን ቀጠሮ ነው፤ ሥጋ ገዢው መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል። በጥቅምት በጊዜው የታጨደ ድርቆሽ፣ ከጓሮ የሚታጨድ ዝሆኔ ሣር፣ ከወረታ ወፍጮዎች የሚገኝ የሩዝ ፉርሽካ፣ ጥቂት ፋጉሎ። ገበሬው በሬውን በሐሙስ ገበያ ሲሸጥ ከሣሩ ያገኘውን በብር ያየዋል፤ ያን ጊዜ ጓሮው ላይ ያለውን ሣር ማጠር ይጀምራል። ደብረ ታቦርና ፋርጣ በበጎቻቸው የታወቁ ናቸው፤ እዚያም ያው ነው።

የሚቀረው የጎጡ ስምምነት ነው። ወሰኑ የቱ ጋ ነው፣ በጋ ላይ ከብት የማይገባበት የቱ ነው፣ ገብቶ ቢገኝ ካሳው ስንት ነው፣ መሬት የሌላቸው ሰዎች ላሞች የት ይሰማራሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ ሌሎቹ አይጸኑም፤ ወይ ከታጨደው ሣር ድርሻ ይሰጣቸው፣ ወይ ከወሉ ክልክል ይመደብላቸው። ይህን ዕድር የሚመራ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከወረዳ የሚወርድ ደንብ አያስፈልገውም። ከወረዳው የሚፈለገው የግብጦና የቬች ዘር ገበያ ላይ እንዲገኝ ማድረግና በየካቲት ወርዶ የቆመውን ሣር መቁጠር ነው።

የሐሙሲት፣ የአንበሳሜና የወረታ ዙሪያ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይህን ስብሰባ ከመስቀል ማግስት፣ ማሳው ገና ባለቤት ሳለው አድርጉት። ሰኔ ላይ ብትጠሩት የሚመጣ የለም፤ ሁሉም ከከሳ በሬው ኋላ ነው።